የትኛዋ ኤሊ?

አባዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትህን ልጠይቅ። ብርዱ ከገባ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ እንደምታቃስት፣ ስትጠየቅ ግን «ደረጃው ነው የሚያቃስተው» እንደምትል እማዬ ነግራኛለች። የእሷስ ደረት እንዴት ሆነ? ያ የኩሽናው መስኮት መስታወት ገባለት ወይስ አሁንም በካርቶን እንደተደፈነ ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ከዚያ ውጪ ያለውንም ደህና ነው ብዬ ልጽፍልህ ሁለት ወረቀት ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኳቸው።

ደብዳቤ የምጽፍልህ በስልክ ስለማትሰማኝ ነው። እሑድ ዕለት ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ደህና ነን፣ አንቺም ደህና ነሽ፣ በይ ደህና ሁኚ» ብለህ ዘጋህብኝ። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ ኪስህ ውስጥ ብታስቀምጠውም እስክታነበው ይጠብቅሃል።

የነገረችኝ እማዬ ናት፤ እንዳትቆጣት። አነጋገሯን ታውቀዋለህ፣ ወሬ የምትጀምረው ከመሃል ነው። «አባትሽ አሮጊቷን ገደለ ተብሎ ቁልፉን ቀሙት» አለችኝ። ለአንድ አፍታ የማውቃቸው አሮጊቶች ሁሉ በዓይኔ ሄዱ፤ ከታች ቤት ያሉት ሳይቀሩ። «የትኛዋን አሮጊት?» ስላት፣ «ኤሊዋን ነዋ፤ አባትሽ ሌላ ምን አሮጊት አለው» አለችኝ። ትንፋሼ መለስ አለ። ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ጠፋ። የሞተችው ያቺ አሮጊት ከሆነች፣ ለአንተ ነገሩ ከሰው ሞት አያንስም።

አንተ በእንስሳት ማቆያው ስትቀጠር እሷ እዚያ ነበረች። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ስንት ዓመቷ ነው ብዬ ስጠይቅህ «ሰው አይጠይቃትም፣ እሷም አትናገርም» ነበር ያልከኝ። ትዝ ይልሃል፣ አንድ ቀን ትናንሽ የጎመን ቅጠሎች ይዘንላት ገብተን፣ «ደረቷ ሳይነፋ እንዴት ነው የምትተነፍሰው?» ብዬ አስቸገርኩህ። አንተ ተንበርክከህ የፊት እግሯ የሚገባበትን ለስላሳ ቆዳ አሳየኸኝ። ይገባል፣ ይወጣል። «ጎድኖቿ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቀዋል» አልከኝ፤ ቅርፊቷን ድንጋይ ነበር የምትለው። «ቤት አይነፋም። ስለዚህ በውስጥ ባሉት ጡንቻዎች፣ በእግሮቿ መሃል እንደ ወናፍ ትስባለች፣ ትገፋለች። ስትደነግጥ ሽሽሽ የምትለው ተቆጥታ አይደለም። ጭንቅላቷን ስታስገባ ቦታው ይጠባል፣ አየሩ መውጣት አለበት።» ከዚያ ከኪስህ የመላጫ መስታወት አውጥተህ አፍንጫዋ ሥር ያዝክ። መስታወቱ ጉም ለበሰ። እኔም ነካሁት።

ይህን የምጽፍልህ የምታውቀውን ላስታውስህ ብዬ አይደለም። ምን ያህል ታውቅ እንደነበር እኔ እንደማውቅ እንድታውቅ ነው።

እማዬ የቀረውን ስላላወቀችው የማቆያችሁን የበር ዘበኛ ፈልጌ አገኘሁት። ቁጥሩን የሰጠኝ እዚያው የሚሠራው አትክልተኛ ነው። ዘበኛው እንዳንተ ወሬ የሚቆጥብ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ግን የኔን ጽሑፍ ከጋዜጣ እየቆረጥክ ስታሳየው ስለኖርክ ዘመዱ የሆንኩ መስሎታል መሰለኝ፤ አንድም አልደበቀኝም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የአሮጊቷን ግቢ ለመኪና ማቆሚያ ፈልጎታል። እሷን ከውሃ ኤሊዎቹ ጋር በአዲሱ ገንዳ አንድ ላይ አድርጓት ብሎ አዘዘ። አንተ «እሷ የየብስ ናት፣ ውሃ ውስጥ አትኖርም» አልክ። እሱ «ኤሊ ኤሊ ናት» አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት አይቻታለሁ» ስትለው፣ «ማየትና ማወቅ ይለያያል፣ አባባ» ብሎ ስልኩን አወጣ። ከኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ላይ፣ በራሳችን ቋንቋ ከተጻፈው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልህ፦ «ኤሊ ውሃ ውስጥ ለወራት ሳትወጣ መቆየት ትችላለች፤ በኋላዋ ትተነፍሳለችና።»

ዘበኛው እንዳለኝ መጀመሪያ ስቀሃል። «በኋላዋ የምትተነፍስ ከሆነ ሳንባው ምን ሊያደርግላት ነው?» ብለሃል። አትክልተኛው ቀስ ብሎ «የሚያወራም በዚያው በኩል አለ» በማለቱ ዘበኛው ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን አዞረ። ከዚያ አንተ ጠየቅህ፦ «ይህን ያለው ማን ነው?»

ሥራ አስኪያጁ እስከ ገጹ ግርጌ ወርዶ ምንጩን አነበበልህ። የኔን ጋዜጣ ስም። የኔን ገጽ ስም።

«አባትሽ ከዚያ በኋላ አልሳቀም» አለኝ ዘበኛው። «አንዴ አሮጊቷን አየ፣ አንዴ ስልኩን አየ። እንግዲህ የልጄ ጋዜጣ ካለው እኔ ማን ነኝ አለና ራሱ አቅፎ ወሰዳት።»

ይህን የሰማሁት የቢሮው ደረጃ ላይ ቆሜ ነው። ቁጭ አልኩ። ሰዎች እየተሻገሩኝ ወጡ፣ ወረዱ። ደረጃው የእርጥብ ምንጣፍና የሲጋራ ቁራጭ ይሸታል፤ አሥራ አራት ዓመት ሳሸትተው አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

የቀረውን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። የገንዳው ጠርዝ ቀጥ ያለ ሲሚንቶ ነው፣ መውጫ የለውም። እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ቆመህ አየሃት። ጭንቅላቷ ከውሃው በላይ ስለነበር ጋዜጣው ልክ መስሎህ ወደ ቤት ሄድክ። ጠዋት ከታች፣ ወለሉ ላይ፣ አራት እግሯን ዘርግታ አገኘሃት። ሐኪሙ ሲከፍታት ሳንባዋ ውሃ ሞልቶት ነበር።

የሞቷን ምክንያት የሚያጣራው ኮሚቴ ሲጠይቅህ ደግሞ «በራሴ አሳብ ነው ያስገባኋት፣ ማንም አላዘዘኝም» ብለህ ፈረምክ። ሥራ አስኪያጁ እዚያው ተቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር አሉ። ቃልህ ተመቸው። አንተ ግን ለእሱ ብለህ እንዳልዋሸህ አውቃለሁ። ስልኩ ከተነሳ መዝገበ ዕውቀቱ ይነሳል፣ እሱ ከተነሳ ጋዜጣው ይነሳል፣ ጋዜጣው ከተነሳ ልጅህ ትነሳለች። አሁን በሚመጣው ሐሙስ ሊያባርሩህ ነው፤ በማኅደርህም ላይ «በቸልተኝነት እንስሳ የገደለ» ብለው ሊጽፉ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ወፍ ውሃ አጥታ በማታውቅበት እጅ ላይ።

እንግዲህ አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። እስከዚህ ሳምንት ድረስ ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ ለእማዬም ገና ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት ነው። «ይህን ያውቁ ኖሯል?» የምትባለዋን ገጽ ከተረከብኩ ገና ሦስት ወር ቢሆነኝ ነው። አንተ የመጀመሪያዋን እትም በላስቲክ አስለብጠህ የእንስሳት መኖ ክፍሉ በር ላይ ለጥፈሃት ነበር። በአንድ የውጭ መጽሔት ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። በቀዝቃዛ አገር ወንዙ ሲረጋ ከበረዶው ሥር የሚከርሙ አንዳንድ የወንዝ ኤሊዎች አሉ። ሰውነታቸው ስለሚቀዘቅዝ የሚበቃቸው አየር ጥቂት ነው፤ ያችኑ ጥቂት በኋላቸው በኩል ባለው ቀዳዳ ከውሃው ይስባሉ። ይህ እውነት ነው። የጻፈው ሰው አልዋሸም። በእሱ ቋንቋ ደግሞ የየብሷ ሌላ ስም አላት፣ የውሃዋም ሌላ፤ አንባቢው አይምታታበትም። እኛ ዘንድ ሁለቱም ኤሊ ናቸው። ያንን ስለማውቅ «አንዳንድ የወንዝ ኤሊዎች» ብዬ ጻፍኩ።

ገጽ አቀናባሪው ከወንበሩ ሳይነሳ «እቱ፣ መስመሯ ሞልታ ፈሰሰች፤ ሁለት ቃል አውጪልኝ» አለኝ። «አንዳንድ» እና «የወንዝ» የሚሉትን አወጣኋቸው። መስመሯ ልክ ሆነች።

ርዕሱን የሰጣት አለቃዬ ነው። ቃሉን ላንተ መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ታትሞ በሺዎች እጅ ስለገባ ደብቄ የት አደርሰዋለሁ። «ኤሊ በቂጧ ትተነፍሳለች» አለ። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ቂጥ የሚል ቃል ያለበት ርዕስ ወድቆ አያውቅም» አለ። እውነቱን ነው፣ አልወደቀም። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮው በሷ ሳቀ። የሒሳብ ክፍሉ፣ የስልክ ኦፕሬተሯ፣ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ሲያዩኝ ቀልድ ነበራቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዛሬ ያንን ሳቅ ሳስታውስ አፌን መጉመጥመጥ ያሰኘኛል።

በሳቁ መሃል አንዲት ደብዳቤ መጣች። ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር ናቸው የላኳት፤ በእጅ ጽሑፍ፣ አንድ መስመር፦ «የትኛዋ ኤሊ?» ከሥሯ ፊርማ። ሌላ ምንም የለባትም። አባዬ፣ በዚህ ሥራ እንደዚያች መስመር ልክ የሆነ ጥያቄ ደርሶኝ አያውቅም። መልሱም ቀላል ነበር፦ የወንዟ፣ ሁለት ቃል ቆርጬ ነው፣ ይቅርታ።

አለቃዬ ደብዳቤዋን እንደ ሞተ ዝንብ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጥቶ «ምንጭ አለን?» አለኝ። ከኔ በፊት ገጿን የያዘችው ሴት የተነሳችው በአንዲት እርማት ነው። አለን አልኩት።

ከዚያ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። መዝገበ ዕውቀቱ ላይ የፈለገ ሰው መጻፍ ይችላል፤ አንድ ስም መምረጥ ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሯን እዚያ ጻፍኳት፤ «ቂጥ» የሚለውን ወደ «ኋላ» ቀይሬ፣ ጨዋ አስመስዬ። ከግርጌ ምንጭ ብዬ የራሴን ጋዜጣ አስቀመጥኩ። ከዚያ አለቃዬን ጠርቼ «ይኸው፣ ኢንሳይክሎፔዲያውም ይለዋል» አልኩት። የጀመርኩት ሻይ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። እሱም ለመምህሩ «ተረጋግጧል» ብሎ መለሰላቸው። ዳግመኛ አልጻፉልንም።

በዚያ ገጽ ጀርባ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈ የሚያሳይ መዝገብ አለ። ሰኞ ከፍቼ አየሁት። ቀኑም ሰዓቱም ተጽፏል። ዓረፍተ ነገሯን ካስገባው ሰው ፊት ለፊት «የአባቷ ልጅ» ይላል። ያን ዕለት ስም ምረጪ ሲለኝ ሌላ አልመጣልኝም ነበር። አንተ ስትቆጣም ስትደሰትም የምትጠራኝ። ሥራ አስኪያጁ የገጹን ፊት እንጂ ጀርባውን ስላላየ እግዚአብሔር ይመስገን ልበል? አልልም። ያኔውኑ አይተኸው ቢሆን ጋዜጣውም ገጹም የአንድ እጅ ሥራ መሆናቸውን አውቀህ ምናልባት አሮጊቷን መሬት ላይ ታስቀምጣት ነበር።

ነገሩ በኔ ብቻ አላበቃም። አጠገቤ የሚቀመጥ ባልደረባ አለኝ፤ ቢሮው «ፎቶ ኮፒ» ነው የሚለው። በዓመቱ ገጹ ጎደለበትና ያችኑ ከመዝገበ ዕውቀቱ ቀዳ። ሲቀዳ እንዳያስታውቅበት «ለወራት ሳትወጣ» የሚል ከራሱ ጨመረ። የማላውቀው ሰው ደግሞ የእሱን ጽሑፍ ሁለተኛ ምንጭ አድርጎ አስገባው፣ «ለወራት» የምትለውም አብራ ገባች። አንዲት ምላስ ሁለት ምስክር ሆና ቆመች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። እኛ ዘንድ ዶሮዋ በሕይወት አለች፤ የሞተችው ኤሊዋ ናት።

ዘበኛው ያለኝን ስነግራት እማዬ በስልክ «እና ያ ኢንተርኔት ላይ ያለው ነገር ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው?» ብላኛለች። አይደለም በላት። ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አርባ ያህል ዓረፍተ ነገር አለው። ጎድኖቿ ከቅርፊቷ ጋር መጣበቃቸው አለ፤ የወናፉ ነገር፣ ጭንቅላቷን ስታስገባ አየሩ መውጣቱ፣ አንተ ተንበርክከህ ያሳየኸኝ ሁሉ አለ። ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች በትዕግሥት የጻፉት ነው። ከኔይቱ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ «ኤሊዎች ሁሉ ሳንባ አላቸው» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ሁለት መስመር ቢታገሥ ኖሮ ያገኘው ነበር። በአርባ ንጹሕ ዓረፍተ ነገር መሃል አንዲት የሞተች አይጥ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ በሙያዬ ስም። ሰው ገጹን ያመነው ጋዜጣ ስለጠቀሰ ነው፤ ጋዜጣውን ያመነው ደግሞ ገጹ ስለጠቀሰው ነው። እርስ በርሳቸው ተደግፈው የቆሙ ሁለት ሰካራሞች ናቸው።

ሰኞውኑ በራሴ ስም ገብቼ ሁለቱን ቃላት መለስኳቸው። «የየብስ ኤሊ ውሃ ውስጥ ትሰጥማለች» ብዬም ጨመርኩ። ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሰው ሰረዘው። በትሕትና ነው የጻፈልኝ፦ ሁለት የጋዜጣ ምንጮች የሚሉትን ያለ ምንጭ መለወጥ አይቻልም፣ ምንጭ ካመጡ ራሴ እመልሰዋለሁ ይላል። ተናደድኩ፤ ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። አባዬ፣ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሥራውን በትክክል ሲሠራ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

መጽሐፍ ልወስድለት እችል ነበር። የኤሊ መጽሐፍ አይጠፋም። መጽሐፍ ግን ገጹን ያጸዳል እንጂ አንተን አያጸዳም። አንተ ያመንከው ጋዜጣውን ነው፤ አፉን መክፈት ያለበትም እሱ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ እርማት እናውጣ አልኩት።

«የአምስት ዓመት ነገር?» አለኝ። ስንጥሩ አሁንም አፉ ውስጥ ነው። «ሰው አልሞተ፤ ኤሊ ናት።» ቀጥሎም «ደግሞ ኢንሳይክሎፔዲያው ይለዋል እኮ፤ ራስሽ አይደለሽ ያሳየሽኝ?» አለ።

እዚያ ላይ ማን እንደጻፈው ነገርኩት። ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀና «አንቺ፣ ጎበዝ ነሽ ለካ» አለኝ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የተጸየፍኩት ይህችን ቃል ነው። ስድብ ቢሆን ታጥቤ እጥለው ነበር። ጎበዝ አለኝ። እንደ ጓደኛ፣ እንደ አንድ ሰፈር ሰው። ስወጣ ፎቶ ኮፒ በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር፤ «እቱዬ፣ እኔን ግን እንዳትጠሪኝ፣ እኔ የጻፍኩት የተጻፈ አይቼ ነው» አለኝ። ከትከሻዬ ላይ እጁን ሳነሳ መዳፉ እርጥብ ነበር።

ገጿን ወደ ማተሚያ ቤት የምታሳልፈው የኔ ፊርማ ናት፤ አለቃዬ ከታተመ በኋላ ነው የሚያያት። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ዋናውን ጽሑፍ አንስቼ በቦታው ሌላ አስገባሁ። የታተመውን ቆርጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ታንብብልህ። እንዲህ ይላል፦

«ከአምስት ዓመት በፊት በዚህ ገጽ ስለ ኤሊ አተነፋፈስ የወጣው ስሕተት ነው። በኋላቸው በኩል ከውሃ አየር የሚስቡት አንዳንድ የወንዝ ኤሊዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሳንባ አላቸው። የየብስ ኤሊ በሳንባዋ ብቻ ትተነፍሳለች፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከገባች ትሰጥማለች። ቃላቱን የቆረጠችውም፣ ኋላ በኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ጽፋ ማስረጃ ያስመሰለችውም የዚህ ገጽ አዘጋጅ ናት። አንድ የእንስሳት ጠባቂ እውነቱን በዓይኑ አይቶ እያወቀ፣ ይህ ጋዜጣ ስለተነበበለት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቃትን ኤሊ አጥቷል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።»

ከሥሩ ሙሉ ስሜ አለ፣ የአንተም ስም ያለበት።

ረቡዕ ጠዋት ወጣ። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ አስጠራኝ። ያለኝን አልጽፍልህም፤ አጭር ነበር፣ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ትናንት ሐሙስ ያ እርማቴን የሰረዘው ሰው ሁለቱን ቃላት መልሶ «ምንጭ ተገኝቷል» ብሎ ጽፎልኛል።

አሁን ቅር የተሰኘሁብህን ልንገርህ፤ እንዳትቆጣ። መስታወቱን አፍንጫዋ ሥር የያዝከው አንተ ነህ። ጉሙን ያየኸው አንተ ነህ። እንዴት ነው ያንን ሁሉ ዓመት በአንዲት የታተመች መስመር የለወጥከው? የኔ ጋዜጣ ስለሆነ ነው እንዳትለኝ፤ እሱ ነው አንጀቴን የሚያቆስለው። በር ላይ ለጥፈህ ያከበርካት ገጽ ሻይ ሳይቀዘቅዝ እንዴት እንደምትሠራ አላየህም። አሁን ነገርኩህ። ከንቱ ኩራት ነበር፣ የሁለታችንም።

ደግሞ «ማንም አላዘዘኝም» ብለህ የፈረምከውን አንሳው። ላንድ ቤት አንድ ውሸታም ይበቃል። ኮሚቴው ፊት የምትለው አራት አጭር ነገር ነው፣ አራቱም እውነት ናቸው፦ አዘዘኝ። እምቢ አልኩ። ጋዜጣ ተነበበልኝ። አመንኩ። ከዚያ ቁራጩን አውጥተህ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥ። ልጄን አሳልፌ ሰጠሁ ብለህ እንዳታስብ። ልጅህ ራሷ ታትማ ወጥታለች፣ አገር አንብቧታል፤ የምትደብቀው ነገር አልቀረም። ዘበኛውና አትክልተኛውም የሰሙትን ለመመስከር ቃል ገብተውልኛል። አትክልተኛውን ያችን ቀልዱን እንዳይደግማት ለምነው።

ከእንግዲህ ስትፈልገኝ በጋዜጣው ስልክ አትደውል፤ በእጅ ስልኬ ብቻ ነው የምገኘው። ኦፕሬተሯ ሌላ ነገር ብትልህም አትደንግጥ።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፣ የእማዬንም ደረት ይማርልኝ። እኔንም እናንተን ለማየት ያብቃኝ። በሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ከዘበኛው ጋር ቆሜ እጠብቅሃለሁ። የሥራ ቀን ነው ብለህ አትጨነቅ።

ልጅህ